አስቸኳይ! የባሕር ዓሣዎቼ ውሃ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ነው፤ ምን መድኃኒት ልግዛ?

ባለ ምግብ ቤቱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ወገኖቼ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ምግብ ቤታችን መግቢያ ላይ ያስቀመጥነው አኳሪየም ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ከጠዋት ጀምሮ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አንዷ ሞታለች። ሰማያዊው ዓሣ ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ በጎኑ ጋደም ብሏል፣ ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ ፊልተሩ ይሠራል፣ ሙቀቱም 78 ፋራናይት ላይ ነው። ነገ ማታ ምርቃት ስላለን እንግዳ ጠርተናል። ምን መድኃኒት ልግዛ? ሱቁ ሳይዘጋ ልድረስበት።

የሐዋሳው፦
ለምርቃቱ ከሆነማ ዱቄት ነክረው ዘይት ውስጥ መጣል ነው! ይቅርታ ጋሼ፣ ጭንቀትዎን ላቅልል ብዬ ነው። እኔ የማውቀው የሐይቅ ዓሣ ነው፣ ቆሮሶና አምባዛ። ግን ዓሣ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ወይ አየር አንሶታል ወይ ስንጥቡ ተቃጥሏል። አየር የሚነፋ ፓምፕ ካለዎት አሁኑኑ ይክተቱበት። ከሌለዎት ውሃ የሚገፋውን ሞተር አፉን ወደ ላይ አዙረው የውሃው ገጽ እንዲናወጥ ያድርጉ። የሞተችውን ደግሞ ያውጡ፣ እዚያው ከበሰበሰች ይብሳል።

ኤርሚ ዲሲ፦
ግማሹን ውሃ ቀይረው። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
ጋሼ፣ ገና መድኃኒት አይግዙ። ስንት ጋሎን ነው? ውሃ የሞሉት መቼ ነው፣ ዓሣ ያስገቡትስ? ምን ምን ዓሣ ነው፣ ስንት? ውሃው የቧንቧ ነው የተጣራ? አሞኒያ የሚባለውን፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ ለክተዋል? ኩልል ማለቱ ምንም አይነግረንም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

ባለ ምግብ ቤቱ፦
55 ጋሎን። ሰኞ ሞልተን ጨው ጨመርን፣ ሐሙስ ዓሣዎቹን አስገባን። ሻጩ አንድ ጠርሙስ ባክቴሪያ ሰጥቶን «ይህን ካፈሰሳችሁ ወዲያው ማስገባት ትችላላችሁ» ብሎናል። ውሃው የቧንቧ ነው፣ ግን ክሎሩ እንዲወጣ ሌሊቱን አሳድረነዋል። ዓሣዎቹ፦ ሁለት ብርቱካናማ ባለ ነጭ መስመር፣ አንድ ሰማያዊ ጭራው ቢጫ የሆነ፣ አንድ ድፍን ቢጫ፣ አንድ ማንዳሪን የሚባል የተዥጎረጎረ፣ አምስት ትንንሽ ሰማያዊዎች። አንድ ቀይ ሽሪምፕም አለ። የሞተችው ከትንንሾቹ ናት። መለኪያ የለኝም። ፊልተሩ አዲስ ስለሆነ ቆሻሻ ሊኖረው አይችልም።

ቢኒ አትላንታ፦
ሰማያዊው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካየህ ኢክ የሚባለው ተባይ ነው። የመዳብ መድኃኒት ጨምርበት፣ ያድነዋል።

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
ቢኒ፣ በእግዚአብሔር! መዳብ እዚህ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ሽሪምፑን ዛሬውኑ ይገድለዋል፣ ድንጋዩና አሸዋውም ስለሚመጡት መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም። መዳብ የሚሰጠው ለብቻው በተዘጋጀ ባዶ ገንዳ ነው። ጋሼ ጭራው ቢጫ ያሉት ሰማያዊ ታንግ ነው፣ ለኢክ በጣም ከሚጋለጡት አንዱ መሆኑም እውነት ነው፤ ግን ጋሼ ነጠብጣብ አላሉም፣ የሚታመመውም እሱ ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ላይ ሲወጡ ጥፋቱ ከውሃው ነው።

ጋሼ፣ ፊልተሩ አዲስ መሆኑ ራሱ ነው ችግሩ። አሞኒያውን የሚያጠፉት ስፖንጁና ድንጋዩ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ እስኪበረክቱ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የጠርሙሱ ባክቴሪያ አንዳንዴ ያግዛል፣ በአንድ ቀን ለገባ አሥር ዓሣ ግን አይደርስም። ውሃውን ማሳደርዎም አልጠቀመም። ክሎር ሲያድር ይተናል። ዲሲና ሰሜን ቨርጂኒያ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎራሚን፣ ማለትም ክሎርና አሞኒያ የተዋሃዱበት ነው፣ እሱ አድሮም አይወጣም፣ ሲፈርስም አሞኒያ ትቶ ነው።

ሱቅ ሲሄዱ ሁለት ነገር ይግዙ፦ በጠብታ የሚለካ የአሞኒያ መመርመሪያ፣ እና እንደ ፕራይም ያለ ክሎራሚንን የሚሰብር፣ አሞኒያንም ለጊዜው ይይዛል የሚባል ፈሳሽ። ውሃ ሲቀይሩ ጨዉን በንጹሕ ባልዲ ለብቻው ይበጥብጡት፣ ፈሳሹን ይጨምሩበት፣ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ገንዳው ካለበት ጋር ያስተካክሉ፣ ከዚያ ነው የሚያፈሱት። ዓሣው ያለበት ውሃ ላይ ደረቅ ጨው እንዳይጨምሩ። ዛሬና ነገ ምንም አይመግቧቸው።

ኤርሚ ዲሲ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ውሃውን ቀይረው።

መምህሩ፦
ልጆች፣ መሠረቱን ሳናውቅ መፍትሔ ማዘዝ አይገባም። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የተረፈውን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ይቻላል፣ በየጊዜው ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ልብ በሉ፦ የባሕር ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 8.2 አካባቢ ነው። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል ይበዛል። በባሕር ውሃ ውስጥ ትንሽ አሞኒያ እንኳ የሚያስፈራው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ጨዋማነት አለ። ውቅያኖስ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ክብደቱን ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ 1.025 ወይም 1.026 ማለት ነው፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ርካሹ የሚንሳፈፍ መለኪያ ይዋሻል፤ ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ቢገዛ፣ እሱም ጨዋማነቱ 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ቢፈተሽ…

የሐዋሳው፦
መምህር፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ዓሣው እንዳያልቅ!

ጅዳ ያለሁት፦
ወንድሜ፣ እኔ መነሻው ላይ ጥያቄ አለኝ። የባሕር ዓሣ መስታወት ውስጥ ለምን ይገባል? እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽር አድርጌ ውሃ ውስጥ ስገባ አያቸዋለሁ። ሶሐል ታንግ የሚባለው ሪፉ፣ ማለትም የኮራል ድንጋዩ፣ ጫፍ ላይ የራሱን ድርሻ ይዞ ሲመላለስ ይውላል፣ የሚጠጋውን ሁሉ ያባርራል። ያንን ዓሣ አንድ ሜትር ከሃያ ውስጥ ማሰር ግፍ ነው። የሚያዙበትም መንገድ አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አጥማጆች ዓሣውን ለማደንዘዝ ሪፉ ላይ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ሲረጩ ኖረዋል። ክልክል ቢሆንም አልጠፋም። እንዲህ የተያዘ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ደህና መስሎ ይቆይና ቤት ከገባ በኋላ ይሞታል።

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
ስለ ሳያናይዱ ልክ ነህ፣ ለዚህ ነው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለብን። ግን ሁሉም ከባሕር አይያዝም። ጋሼ «ብርቱካናማ ባለ ነጭ መስመር» ያሏቸው ክላውንፊሾች ናቸው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው፣ ጠንካሮችም ናቸው። ሰማያዊው ታንግ ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንቁላል ያሳደጉት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አሁንም የሚሸጠው በአብዛኛው ከባሕር የተያዘ ነው።

ባለ ምግብ ቤቱ፦
አመሰግናለሁ፣ ሱቅ ደርሼ እየተመለስኩ ነው። ጅዳ ያለኸው፣ አክባሪህ ነኝ፣ ግን ሰው ደስ ይበለው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ዓይን የሚስቡት ሰማያዊውና ቢጫው ናቸው፣ ገና ከጣቴ አይበልጡም። ዓሣ ደግሞ እንደ ገንዳው መጠን ነው የሚያድገው ሲባል ሰምቻለሁ።

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
አያድግም ጋሼ፣ ይህ አባባል ብዙ ዓሣ ጨርሷል። በጠባብ ገንዳ ዓሣ ቢቀጭጭ በሕመምና በቆሻሻ ውሃ ነው። ሰማያዊው ታንግ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቢጫው 20። የእርስዎ 55 ጋሎን የተለመደው ዓይነት ከሆነ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ ይለኩት። ሰማያዊው ሲያድግ የሚዞርበት አይኖረውም። ሱቁ ውስጥ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዋጋውን ይጽፋል፣ ይህንን አይጽፍም። ትንንሾቹ ሰማያዊዎች ደግሞ ዳምሰል ይመስሉኛል፤ ሲጎለምሱ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ከእነሱ በኋላ የሚገባውንም ያሳድዳሉ።

ሱቁ የሚቀበል ከሆነ ሁለቱን ታንጎች፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን፣ ዛሬውኑ ይመልሱ። እምቢ ካለ በዋሽንግተን አካባቢ ዋማስ የሚባል የባሕር አኳሪየም ሰዎች ማኅበር አለ፣ ትልቅ ገንዳ ያለው አባል አይጠፋም። ሲይዟቸው በመረብ አይደለም፦ ታንግ ጭራው ሥር ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ ያለ እሾህ አለው፣ መረብ ውስጥ ይጠላለፋል፣ እጅም ይቆርጣል። በፕላስቲክ ሣህን ውሃው ውስጥ እንዳለ ይክበቡትና ከነውሃው ያውጡት።

ባለ ምግብ ቤቱ፦
ለካሁት። ጠብታውን ስጨምር አረንጓዴ ሆነ፣ ከካርዱ ጋር ሳስተያየው 2 ላይ ነው። ፈሳሹን ጨምሬ 20 ጋሎን ቀየርኩ። ሁለት ትንንሾች ሞተዋል፣ ክላውንፊሾቹ ግን ወደ ታች ወርደዋል። ማንዳሪኑ ምንም አልሆነም፣ ድንጋይ ላይ እየተሳበ በአፉ ይለቅማል። ስለዚህ ሌሎቹን ብመልስ እንኳ እሱን ላስቀረው?

ኤርሚ ዲሲ፦
አላልኩም? ውሃ መቀየር ነው! ነገ ጠዋትም ድገመው።

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
ኤርሚ ልክ ነው፣ ነገ ጠዋት ይለኩና ገና አረንጓዴ ከሆነ ይድገሙት። ፕራይሙ አሞኒያውን ይዞት ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የተያዘውንም አብረው ስለሚቆጥሩ ቁጥሩ ወዲያው ባይወርድ አይደንግጡ፤ የዓሣዎቹን አተነፋፈስ ይዩ።

ማንዳሪኑን ግን ከሁሉም አስቀድመው ይመልሱት። ሲለቅም ያዩት የሚበላ ነገር አግኝቶ አይደለም፣ እየፈለገ ነው። የሚበላው ኮፔፖድ የምትባል በዓይን ለማየት የምታስቸግር ፍጡር ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ነው የሚለቅማት። እነዚያ የሚበዙት ብዙ ድንጋይ ባለው፣ ወራት በቆየ ገንዳ ውስጥ ነው፣ የእርስዎ ድንጋይ ገና ባዶ ነው። ፍርፋሪም ሆነ የበረዶ ምግብ አብዛኞቹ አይነኩም። ቀለሙ እንደደመቀ፣ ደህና መስሎ፣ በሳምንታት ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ከላይ ሆነው ሆዱን ይዩት፦ ወደ ውስጥ ከገባና ከጭንቅላቱ ኋላ ጎድጎድ ካለ ሲራብ ቆይቷል ማለት ነው። ተፈልፍለው ያደጉ፣ ሌላ ምግብ የለመዱ ማንዳሪኖች አሉ፤ ሻጩ የሱ እንደዚያ ነው ካለዎት ፊትዎ ላይ መግቦ ያሳይዎ።

ለምርቃቱ ክላውንፊሾቹና ሽሪምፑ ይበቃሉ። እንግዳ የሚቆመው እነሱ ጋ ነው።

ሳራ ሚኒያፖሊስ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገብቼ። ሰሞኑን እኛም የባሕር ዓሣ ልንገዛ እያሰብን ነበር። ልጆቹ ላየን ፊሽ ይፈልጋሉ፣ ያ ክንፉ እንደ ላባ የተዘረጋው። ገንዳችን 40 ጋሎን ነው። ይሆናል?

ጅዳ ያለሁት፦
እህቴ፣ ልጆች ባሉበት ቤት? የጀርባው፣ የሆዱና ከጭራው ፊት ያሉት እሾሆች መርዝ አላቸው። የተወጋ ሰው ቁስሉን ሊችለው በሚችል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሆስፒታል ይሄዳል። ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ከሰለቸሽ ደግሞ ባሕር ላይ መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም፦ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፍሎሪዳ አካባቢ ታይቶ አሁን ካሪቢያንን አጥለቅልቆ የዚያን አገር ዓሣ እየበላ ነው። ምንጩም ከአኳሪየም የተለቀቀው ነው ተብሎ ይታመናል።

ሳራ ሚኒያፖሊስ፦
ኧረ ይቅርብን። ሁለት ክላውንፊሽ ብቻ ብንይዝስ?

ናርዶስ ዘሜሪላንድ፦
ለ40 ጋሎን በጣም ጥሩ ነው። አሁን ገንዳውን ያለ ዓሣ አስነሺ፦ ድንጋይ፣ ጨው ውሃ፣ ትንሽ አሞኒያ ጠብ አድርገሽ በየሁለት ቀኑ ለኪ። የጨመርሽው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሲሆን፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ደርሷል። እስከዚያው ልጆቹ የሚወዱትን ዓሣ ስም በላቲኑ ይጻፉ፣ ምክንያቱም አንዱ የሱቅ ስም ለሦስት ዓይነት ዓሣ ይሰጣል። ከስሙ ጎን ሲያድግ ስንት እንደሚሆን፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደማይስማማ አግኝተው ይሙሉበት። የምትገዢውን ስትመርጪ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ሲበላ እዪው። ከዚያ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅዪው፤ አንድ ወር ያህል ለብቻው በትንሽ ገንዳ ይቆይ፣ ቢኒ ያለው መዳብም የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው እዚያ ነው።

የሐዋሳው፦
ጋሼ ባለ ምግብ ቤቱ፣ የጠዋቱ ቁጥር ስንት ሆነ?