ጌም ቤቱ ቢዘጋ ጠቡ ይቆማል ወይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በጎንደር ወጣቶች መካከል ድብድብ ወይም ስለት መማዘዝ በተሰማ ቁጥር «ያበላሻቸው የተኩስ ጌምና የድብደባ ፊልም ነው፤ ጌም ቤትና ቪዲዮ ቤት ይዘጋልን» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልክ ናቸው? የራስ ገጠመኝ ይቅርና የሚታወቅ ነገር ይቅረብ። ስድብ አይፈቀድም።

መምህር (አዘዞ)፦ እኔ ከወላጆቹ ጋር ነኝ። ልጅ የሚማረው አይቶ ነው። ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ3 እስከ 6 ዓመት ገደማ የሆናቸው 72 ሕፃናትን ይዞ ሙከራ ሠራ። ከእነሱ 24ቱ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት በመዶሻ ሲመታ፣ ላዩ ላይ ሲቀመጥበት፣ በእርግጫ ሲለው አዩ። ቀጥሎ ሁሉም የሚያጓጓ መጫወቻ ታይቷቸው ወዲያው ተከለከሉና አሻንጉሊቱ ወዳለበት ክፍል ገቡ። ድብደባውን ያዩት ያንኑ ደገሙት፤ ሰውዬው ሲመታ የተናገረውን ቃል ሳይቀር። በ1963 በአካል ከማየት ይልቅ በፊልም ቢያሳያቸውም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ።

«ይሄ የአንድ ቀን ነገር ነው» የሚል ካለ፣ በቺካጎ አካባቢ ከ6 እስከ 10 ዓመት የነበሩ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1977 ምን ዓይነት ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ተመዘገበ። ከ15 ዓመት በኋላ 329ኙ ተገኝተው ሲጠየቁ፣ በልጅነታቸው ድብደባ የበዛበት ፕሮግራም ያዘወተሩት ካደጉ በኋላም እጃቸው ለጠብ የፈጠነ ነበር። ውጤቱ በ2003 ታተመ፤ የወላጅ ኑሮና አስተዳደግ ተሰልቶም ግንኙነቱ አልጠፋም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ማራኪ)፦ መምህር፣ የጠቀሷቸው ሁለቱም እውነተኛ ጥናቶች ናቸው። ጥያቄው ምን ለኩ የሚለው ነው። የባንዱራ አሻንጉሊት ከታች ክብደት ያለው፣ ሲመቱት ወድቆ የሚነሳ፣ ለመመታት የተሠራ ነው። እሱን መምታትና የክፍል ጓደኛን መምታት ለየቅል ናቸው። በኋላ የመጡትም ሙከራዎች ብዙዎቹ ይህ ችግር አለባቸው። አንዱ ዘዴ ተፈታኙ በጆሮ ማዳመጫ ለሌላ ሰው የሚልከውን የጩኸት መጠንና ርዝመት መለካት ነው። ሌላው፣ የሚያቃጥል ነገር ለማይወድ ሰው ስንት ግራም የበርበሬ ስጎ እንደሚቀዳለት መመዘን ነው። እነዚህ የንዴት ምልክት ይሆናሉ፤ ስለት መምዘዝን ግን አይተነብዩም።

ለእርስዎም ለእኔም የሚሆን ቁጥር ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ማጠቃለያ ከ17,000 በላይ ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉባቸውን 24 ጥናቶች ደመረ፤ ክትትላቸው ከ3 ወር እስከ 4 ዓመት ነበር። የተኩስ ጌም የሚጫወቱት በኋላ ሰው የመምታት ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ልጁ ቀድሞም ተደባዳቢ መሆኑና ሌሎች ነገሮች ታስበው ሲቀነሱ የቀረው የግንኙነት መጠን 0.08 ነው (0 ምንም ግንኙነት የለም፣ 1 ፍጹም ግንኙነት ማለት ነው)። ይህን ቁጥር በራሱ ስናባዛው 0.0064 ይመጣል። በልጆቹ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ጌም የሚያስረዳው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በ2019 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 14 እና 15 ዓመት የሆናቸው 1,004 እንግሊዛውያን ልጆችን ጠየቁ። ጌሙ ኃይለኛ ነው አይደለም የሚለውን ከልጁ አፍ ሳይሆን ከይፋዊው የዕድሜ ደረጃ ወሰዱ፤ ጠባዩን ደግሞ ወላጁ መሰከረ። ምንም ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 አቋሙን ሲያድስ፣ እንደ መጮህና መገፋፋት ካለው ጋር ትንሽ ግንኙነት አለ፤ ወደ ከባድ ወንጀል ይወስዳል ለማለት ግን ማስረጃው አይበቃም አለ።

መምህር (አዘዞ)፦ ትንሽ ማለት ባዶ ማለት አይደለም፣ እህቴ። በሺህ ልጅ ላይ የተበተነ ትንሽ ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሬሳ ሊያስገባ ይችላል።

ጌም ቤት (አራዳ)፦ ስለ ጥናቱ እናንተ ታውቃላችሁ። ጌም ቤት ውስጥ ጠብ ከየት እንደሚነሳ ግን ልናገር፤ ከተኩሱ አይደለም። ጠቡ ከኳሱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነው፤ በኳስ ጌም ውስጥ ደግሞ ደም የሚባል ነገር የለም።

አንደኛው ምክንያት «ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል» የሚለው ደንብ ነው። ሁለት ልጅ ይገባል፤ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሳል፣ ሌላው ከሚቀጥለው ጋር ይጋጠማል። የአንድ ጌም ሒሳብ ብቻ በኪሱ የያዘ ልጅ ለጨዋታ ሳይሆን ለኪሱ ነው የሚጫወተው። ከኋላ የቆሙት ደግሞ በሱ ላይ ይወራረዳሉ። ያኔ ጎሉ ሲገባ የሚናደዱት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጆይስቲክ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው የጌም መቆጣጠሪያ ነው። የአውራ ጣቱ ዱላ ከሥሩ አቧራ ሲገባበት ወይም ውስጡ ሲበላ፣ ሳይነኩት በራሱ ይሄዳል። ተጫዋቹ ወደ ግራ ያቀበለው ኳስ ወደ ቀኝ ያመልጣል። የተሸነፈው «በተበላሸ ነው ያሸነፍከኝ» ይላል፤ አሸናፊው ሰበብ ይመስለዋል። ለማጣራት ቀላል ነው፦ ሜኑው ላይ ሆኖ እጅን ከጆይስቲኩ ማንሳት ነው። ምርጫው ብቻውን ከተንሸራተተ ተበላሽቷል። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ነው፤ ካልተስተካከለ ዱላውን ከነመቀመጫው መቀየር እንጂ «ትንሽ ቻሉት» ማለት ጠብ መሸጥ ነው። መለዋወጫ ከሌለ በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ጆይስቲክ ይለዋወጡ፤ ብልሽቱን እኩል ይካፈሉታል።

ሦስተኛውና የከፋው መብራት ነው። 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ 1 ለ 0፣ መብራት ጥፍት ይላል። ማን ይክፈል? እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፤ ሌላው «10 ደቂቃ ነበረኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ባለቤቱ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ነው የሚፈርደው። ደንቡ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ካልተጻፈ እዚያች ቅጽበት ላይ ዳኛ የለም።

መድኃኒቱ ጌሙን መከልከል አይደለም፤ ሒሳቡን መቀየር ነው። በጌም ሳይሆን በደቂቃ ይከፈል፤ ለምሳሌ 20 ደቂቃ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ፣ ገንዘቡ ከመጀመሩ በፊት። መብራት ሲጠፋ የቀረው ደቂቃ በወረቀት ይመዝገብላቸው። ገቢው ይቀንሳል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ግን የማይከፍል ተሸናፊ ይቀራል፣ የተሰበረ ወንበርም ይቀራል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ማራኪ)፦ ይህ ከጥናቱ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ ተመራማሪዎች ጌሞችን በፉክክርና በድብደባ መጠናቸው ለያይተው ሲፈትኑ፣ ተጫዋቹን ያናደደው ደሙ ሳይሆን ፉክክሩ ነበር። በ2014 በወጣ ሌላ ሥራም፣ ጌሙ ምንም ደም ባይኖረው እንኳ መቆጣጠሪያው አስቸጋሪ ከሆነ ተጫዋቹ ይናደዳል። የተበላሸው ጆይስቲክ ማለት ነው።

ጋሼ (ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር)፦ ልጆች፣ ስለ ፈረንጅ ፊልም ብቻ ስታወሩ ገረመኝ። እኛ ያለ ቴሌቪዥን ስንት ዘመን «ዘራፍ» ስንል ኖርን? ሠርግ ላይ ይፎከራል፣ በጥምቀት ቀን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሽመል ይዞ እየጨፈረ የሚወርደው ጎረምሳ ሁሉ ይሸልላል። ሴት የምትወደውን «ገዳዬ» ብላ ትዘፍናለች። ልጅ ሲወለድ «ደመላሽ» ይባላል፤ ገና ፊደል ሳይቆጥር የሚከፍለው ዕዳ ተሰጠው። ይህ ሁሉ መዝናኛ ነው፣ ይዘቱም ግድያ ነው።

ታዲያ ፉከራ ሁሉ ሰው አስገደለ? አላስገደለም። ፎካሪው ሲነሳ አጠገቡ ያሉት ይይዙታል፣ ሽማግሌ ፊት ነው፣ ሲጨርስ ይቀመጣል። የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ አንዷን ሩር የሚያሳድድ ስንትና ስንት ጎረምሳ፣ ቅልጥምም ግንባርም ይመታል። ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚል ሕግ አለው፤ በዚያ ቀን የተመታ ቂም አይዝም። ፉከራ የሚያስገድለው መቼ ነው ካላችሁኝ፣ ለቅሶ ቤት በሙሾ ሲገባ ነው። ሬሳ ፊት «ወንድም የለውም ወይ» ተብሎ ሲሞሸ፣ የሟች ወንድም ያንን ሰምቶ ዝም ብሎ ማደር አይችልም። ቃሉ ያው የፉከራው ቃል ነው፤ ሽማግሌ የሌለበትና ሰውዬው እንዲበቀል የሚጠበቅበት ሲሆን ግን ትእዛዝ ይሆናል። ደም አድራቂ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያደርገውም ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ መንገድና ገበያ መለየት ነው፤ ስለ ዘፈኑ ቆይቶ ነው የሚነጋገሩት።

መምህር (አዘዞ)፦ ጋሼ፣ ያሉት የእኔኑ ሐሳብ ያጠናክራል እኮ! ባንዱራ በ1965 ሙከራውን ሲደግም፣ ፊልሙ ላይ የደበደበው ሰው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ያንን መድገም ቀነሱ። ያልተቀጣውን ያዩት ደገሙት። ፉከራ ላይ የሚይዝ ሰው አለ። ቪዲዮ ቤት በሚታየው ፊልም ግን ጀግናው 30 ሰው ገድሎ መኪና አስነስቶ ይሄዳል፤ ያዢም ፖሊስም ለቅሶም የለም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ማራኪ)፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የዚያኑ ሙከራ ሁለተኛ ክፍል ግን እንጨምር፦ በመጨረሻ ልጆቹ ያዩትን እንዲያሳዩ ሽልማት ሲቀርብላቸው፣ ቅጣቱን ያዩትም ጭምር ድብደባውን በደንብ አሳዩ። ሁሉም ተምረውታል፤ የተለየው አደርገዋለሁ አላደርገውም የሚለው ነው። ያንን የሚወስነው በዙሪያቸው ያለው ሰው ነው።

ስለ ቪዲዮ ቤትም አንድ ነገር። በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2004 የነበረውን የፊልም ተመልካችና የወንጀል መዝገብ ያመሳከሩ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ኃይለኛ ፊልም ብዙ ሰው ባየበት ምሽት ድብደባ እንደሚቀንስ አገኙ፤ በአንድ ሚሊዮን ተመልካች ከመቶ 1 እጅ ያህል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም አልጨመረም። ምክንያቱ ጎረምሳው ፊልም ቤት በተቀመጠበት ሰዓት መጠጥ ቤት አለመሆኑ ነው። በአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ ውጤት ነው፤ ለረጅም ጊዜው መልስ አይሰጥም። ግን ቪዲዮ ቤት ከመዘጋቱ በፊት «ልጆቹ በዚያ ሰዓት የት ይሄዳሉ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ነርስ፦ ለሞት የሚያበቃው ምን እንደሆነ ላክል። ያው ጠብ፣ ያው ስድብ ነው፤ እጅ ላይ ምን ነበር የሚለው ይወስነዋል። ቡጢ ከሆነ ዓይን ያብጣል፣ ዱላ ከሆነ ራስ ይፈነከታል፣ ስለት ወይም ክላሽ ከሆነ ሰው ይሞታል። መጠጥ ሲጨመር ይብሳል። በነገራችን ላይ የተሰካ ስለት አይነቀል፤ በዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እንዳይነቃነቅ ይዞ ወደ ሆስፒታል ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ማራኪ)፦ አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ዝም ተብሎ ታልፏል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በራሱ በክልላችን ግጭት የእኛ ልጆች እውነተኛ ተኩስ እየሰሙ ነው ያደጉት። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ተዋናይ የለበትም፤ የሚሞተው የሰው ልጅ ነው፣ አስተያየት የሚጽፈውም «ይበለው» ይላል። ቤት ውስጥ መደብደብ፣ ሰፈር ውስጥ ሞት ማየት፣ ትምህርት ቤት መቋረጥ፦ ወጣትን ወደ ጠብ የሚገፉ ከጌም በብዙ እጥፍ የከበዱ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጌም ቤት ዘግተን ይህን ካልነካን ልጆቹን አልደረስንላቸውም።

መምህር (አዘዞ)፦ የቴሌግራሙን እቀበላለሁ፤ ከፊልም የባሰ ነው። ጌሙንም ግን አልለቅም። ቢያንስ ከ12 ዓመት በታች ላሉት።

አንደኛ ደረጃ መምህርት (ቀበሌ 18)፦ እኔም ከመምህር ጋር ነኝ። ትንንሾቹ ደሙ ቀለም መሆኑን፣ የሞተው ተዋናይ ተነስቶ ቤቱ መሄዱን በደንብ አይለዩም። በአውሮፓ ጌሞች ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 የሚል የዕድሜ ቁጥር በሽፋኑ ላይ ይታተማል። እኛ ጋ ጌሙ ተገልብጦ ስለሚመጣ ሽፋንም ቁጥርም የለውም። ማንም ሳይነግረው የ7 ዓመት ልጅ የ18ቱን ያያል።

አወያይ፦ እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። ትምህርት ቤቶች ምን ያድርጉ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ማራኪ)፦ አንድ ደብተር። ለአንድ ሴሚስተር እያንዳንዱ ጠብ ይመዝገብ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ መነሻው ምን ነበር፣ እጅ ላይ ምን ነበር፣ መጠጥ ነበረ ወይ፣ ከዚያ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት የት ነበሩ። የልጁ ስም አያስፈልግም። መዝጋቢው አንድ ሰው ይሁን፤ ሦስት ሰው ሲመዘግብ አንዱ ግፊያን ጠብ ይለዋል፣ ሌላው ይተወዋል። መነሻው የሚጻፈው በዚያው ቀን ነው፤ ሳምንት ካለፈ ሁሉም «ጌም ነው» ይላል፣ ቀላሉ መልስ እሱ ስለሆነ።

መምህር (አዘዞ)፦ እኛ ጋ እጀምራለሁ። ውጤቱ ከእኔ ሐሳብ ጋር ባይስማማም አቀርበዋለሁ።

ጌም ቤት (አራዳ)፦ ለመምህርቷ፦ ቁጥሩን እኛው በወረቀት ለጥፈን መጻፍ እንችላለን፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከዚያ ደግሞ የሚቀድም አለ። ብዙ ቤት የተኩሱን ስክሪን በር ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ደምበኛ እንዲጠራ። የማይከፍሉት ትንንሾች ደብተራቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው የሚያዩት እሱን ነው። በር ላይ ኳሱ ይሁን፣ የተኩሱ ስክሪን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ወደ ውስጥ ይዙር። ገመዱን ለማርዘም 3 ሜትር ይበቃል።