ለወንድሜ ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ ማስቀየር ይቻላል?

የፍራንክፈርቷ
ጤና ይስጥልኝ። የታናሽ ወንድሜ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አገር ቤት መመለስ የማይችለው ወንድ በማፍቀሩ ነው። የሚፈራው ጠያቂዋን ሳይሆን አስተርጓሚውን ነው፤ የእኛው ሰው ቢሆንና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቢገናኙስ? እናታችን ደግሞ ነገሩን ከሰው ሰምታ «ፖለቲካ ነው ይበል» እያለች ትደውላለች።

ጋሽ ወረቀት
እኅቴ፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሠለጠነ ጠያቂ እንዲመደብም ጨምሪበት። የፖለቲካውን ነገር ተዉት፤ የፈጠራ ታሪክ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 አመልካቹን አገርህ ገብተህ ተደብቀህ ኑር ማለት እንደማይቻል ወስኗል። የሚከለክል ሕግ በወረቀት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም ብሏል፤ እስራቱ በተግባር መፈጸም አለበት። ስለዚህ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣውን የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 629 ጠቅሶ ዝም አይበል፤ የደረሰበትን ይናገር።

የማንሃይሙ ታክሲ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሃይማኖት ያለው ሕዝብ ይህን ቢከለክል ምን ነውር አለው?

ጋሽ ወረቀት
ለኃጢአት የንስሐ አባት አለ፤ ፖሊስ ለምን ይጠራል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ጉዳይ እንዲህ ያለው ሕግ ቃል ኪዳኑን እንደሚጥስ ወስኗል።

የማንሃይሙ ታክሲ
ጋሼ፣ የሚነግሩን የነጭ ሕግ ነው።

ጋሽ ወረቀት
ነጩማ ሲያስር ኖሯል! ጀርመን ወንድ ከወንድ ጋር ሲሆን የሚቀጣውን አንቀጽ 175ን የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሰጡትን ፍርዶች የሰረዘችውም በ2017። በታክሲህ ከምታሳፍራቸው ሽማግሌዎች አንዱ በዚያ አንቀጽ የታሰረ ሊሆን ይችላል።

እታለም
እኔ የማስበው እናትየዋን ነው። በየወሩ ብር እልካለሁ፤ መፋታቴን ግን ለእናቴ አምስት ዓመት ሙሉ ደብቄአታለሁ። ልጁ ፋሲካን ብቻውን እንዳይውል፤ እኔ ቤት ይምጣ፣ ዶሮው አይጠፋም።

የማንሃይሙ ታክሲ
እኔ እኮ ልጁ ይታሰር አላልኩም።

ጋሽ ወረቀት
ይኑር የምትለው ሕግ ግን ይታሰር ነው የሚለው።

የፍራንክፈርቷ
ደብዳቤውን ጽፌአለሁ። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ ይሁን ብዬ መጠየቅስ እችላለሁ? እናቴ አሁንም እየደወለች ነው፤ አላነሳሁም።

የማንሃይሙ ታክሲ
ጋሼ፣ ያላልኩትን በአፌ አያድርጉብኝ።