ከኢንኮደር ቺፑ የሚወጣው ምስል ቲቪ ላይ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆነብኝ፣ ምን ልፈትሽ?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው። ከፕሮሰሰር ቦርድ የሚወጣ ዲጂታል ቪዲዮ በኤዲቪ7343 ኢንኮደር (ዲጂታሉን ወደ ቲቪ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ) አሳልፌ ባለ ቱቦ ቲቪ ላይ ለማየት እየሞከርኩ ነው። ግብዓቱ ባለ 8 ቢት ቢቲ656 (የዲጂታል ቪዲዮ መላኪያ ስታንዳርድ) ነው፣ ክሎኩ 27 ሜጋኸርዝ፣ መውጫው ኮምፖዚት (ብርሃኑም ከለሩም በአንድ ሽቦ)፣ ስታንዳርዱ ፓል (ባለ 625 መስመሩ የቲቪ ስርዓት)። ምስሉ ይመጣል፣ ሳይንሸራተትም ቀጥ ብሎ ይቆማል ግን ከለር የሚባል ነገር የለም። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ደማቅ ከለር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል። ሌላው፣ የቲቪውን ገመድ ነቅዬ ኦሲሎስኮፕ ስሰካበት ነጩ ጋ ሲደርስ ሲግናሉ ከላይ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን እንዴ? ሴቲንጉ ላይ ፓል ብዬ መርጫለሁ።

አሮጌ_ቲቪ፦
አልተቃጠለም ባክህ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሲንኩ (መስመሮቹን የሚያሰልፈው ምት) ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ቺፑ ውስጥ ያለውን የራሱን ከለር ባር (መሞከሪያ የሆነውን ባለ ከለር ሰንበር ምስል) አብራው፣ እሱ ግብዓቱን አይፈልግም፣ ቺፑ ራሱ ነው የሚፈጥረው። ባሩ በከለር ከመጣ ጣጣው ከግብዓት ነው፣ ባሩም ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን ፕሮሰሰርህን ተወውና ወደ ቺፑ ሴቲንግና ወደ ክሎኩ ሂድ።

የተቆረጠው ነጭ ደግሞ የገመዱ ነገር ነው። የቺፑ ዳክ (ቁጥሩን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ክፍል) ቮልት ሳይሆን ከረንት ነው የሚያወጣው፣ ሲሞላ ወደ 35 ሚሊአምፒር ይሆናል። ቦርድህ ላይ 75 ኦም አለ፣ ቲቪው ውስጥም 75 ኦም አለ፣ ሁለቱ ፓራሌል ሲሆኑ 37.5 ይሆናሉ፣ ቺፑም የሚጠብቀው እሱን ነው። ገመዱን ስትነቅለው 75 ብቻውን ይቀራል፣ ቮልቱ እጥፍ ልሁን ይላል፣ ዳኩ ግን ከ1.4 ቮልት በላይ መውጣት ስለማይችል ጫፉ ይቆረጣል። ጫፉ ላይ 75 ኦም አድርገህ ድጋሚ ለካው፣ ከሲንኩ ታች እስከ ነጩ 1 ቮልት ማግኘት አለብህ፣ 0.3ቱ የሲንክ ነው 0.7ቱ የምስሉ።

ጀማሪው፦
75 ኦም ሳደርግበት መቆረጡ ጠፋ፣ 1 ቮልት አካባቢ ነው። ከለር ባሩንም አበራሁት፣ እሱም ከነጭ ወደ ጥቁር የሚወርድ የግራጫ ደረጃ ሆኖ ነው የመጣው፣ ነጠብጣቡም አብሮት አለ።

ኳርትዝ፦
ክሎኩን እይ። 27 ሜጋው ከክሪስታል ነው ወይስ ፕሮሰሰሩ በፒኤልኤል (ከሌላ ክሎክ አዲስ ክሎክ በሚያወጣ ሰርኪት) እየፈጠረው? ቺፑ የከለር ሰብካሪየሩን (ከለሩን የሚሸከመውን ሞገድ) የሚያወጣው ከዛው ክሎክ ስለሆነ 27ቱ በሚሊዮን 100 ከሳተ 4.43 ሜጋው በ443 ኸርዝ ይስታል፣ ብዙ ቲቪ እዛ ላይ ከለሩን ያጠፋዋል። የመስመሩ ፍጥነት ላይ ግን ያቺ ስህተት ምንም አትታይም፣ 15625 ኸርዝ ላይ 1.5 ኸርዝ ምንድናት? ለዚህ ነው ምስሉ ቆሞ ከለሩ ብቻ የሚሄደው።

ሞገድ፦
ኳርትዝ ያልከው እውነት ነው ግን ከክሎኩ በፊት እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠረጥረው። እስቲ አንድ ነገር ንገረን ጀማሪው፣ የሰብካሪየር ሬጂስተሮቹ (ቺፑ ውስጥ የሴቲንግ ቁጥር የሚጻፍባቸው ቦታዎች) ላይ ምን አለ? ፓል ብለህ ስትመርጥ ቺፑ የመስመሩን ብዛት 625 ያደርግልሃል፣ ሰብካሪየሩን ግን አንተ ነህ የምትጽፍለት፣ ካልጻፍክለት ሪሴት ሲደረግ በነበረው የኤንቲኤስሲ (ሰብካሪየሩ 3.58 ሜጋ የሆነው የአሜሪካ ስርዓት) ቁጥር ይቀጥላል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ቺፑ ውስጥ ባለ 32 ቢት ቆጣሪ አለ፣ በእያንዳንዱ የ27 ሜጋ ምት አንተ የሰጠኸውን ቁጥር ይደምራል፣ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ አንዴ ዞሮ ሲመለስ አንድ የሰብካሪየር ዑደት አለቀ ማለት ነው። የደረሰበትን ፌዝ ወስዶ ከሳይን ሰንጠረዥ ዋጋ ያወጣል፣ ከሁለቱ የከለር ሲግናሎች ዩውን በሳይኑ ቪውን በኮሳይኑ ያባዛል፣ በፓል የቪውን ምልክት በየመስመሩ ይገለብጣል፣ ከዛ ሁለቱን ደምሮ ብርሃኑ ላይ ይጭነውና ለዳኩ ይሰጠዋል። አናሎግ ኦሲሌተር የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ቁጥር ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይም 10 ዑደት የሚሆን በርስት (አጭር የሰብካሪየር ናሙና) ያስገባል፣ ቲቪው የራሱን ኦሲሌተር የሚያስተካክለው በሷ ነው። በርስቷ 3.58 ከሆነች 4.43 የሚጠብቀው ቲቪ አያውቃትም፣ ከለሩን ዘግቶ ሁሉንም እንደ ብርሃን ያሳይሃል። ነጠብጣቡ እሱ ነው።

ቁጥሩ ሰብካሪየሩ ለ27 ሚሊዮን ተካፍሎ በ2 ሀይል 32 ሲባዛ ነው። ለፓል 4433618.75 ኸርዝ ስለሆነ 705268427 ይመጣል፣ በአራት ባይት ከታችኛው ጀምሮ ሲጻፍ 203፣ 138፣ 9፣ 42። የኤንቲኤስሲው 31፣ 124፣ 240፣ 33 ነው። በቅደም ተከተል ጻፋቸው፣ ቺፑ አዲሱን ቁጥር የሚቀበለው የመጨረሻው ባይት ሲገባ ነው።

ጀማሪው፦
አነበብኩት፣ 31 124 240 33 ነው ያለው! አራቱን ጻፍኩ፣ ከለር ባሩ ወዲያው ደመቀ፣ ቢጫው ቢጫ ቀዩም ቀይ። እግዜር ይስጥልኝ ሞገድ። አሁን ግን ወደ ራሴ ቪዲዮ ስመለስ ቀይ መሆን ያለበት ሰማያዊ ሆነ፣ የሰው ፊትም ሰማያዊ ነው።

አሮጌ_ቲቪ፦
ባሩ ደህና ከሆነ አሁን ግብዓቱ ላይ ነህ። በቢቲ656 ባይቶቹ የሚመጡት ሲቢ፣ ዋይ፣ ሲአር፣ ዋይ እየተባለ ነው (ዋይ ብርሃኑ፣ ሲቢ የሰማያዊው፣ ሲአር የቀዩ ከለር ልዩነት)፣ ፕሮሰሰርህ ሲቢንና ሲአርን አቀያይሮ እየላካቸው ይመስለኛል፣ የፒክሰል ቅደም ተከተሉን የሚመርጥ ሴቲንግ ፕሮሰሰሩ ላይ ፈልግ። ምስሉ በሙሉ አረንጓዴና ሮዝ ቢሆንብህ ነበር ዋይን ከከለሩ አምታታኸው የምልህ።

ጀማሪው፦
ልክ ነህ፣ አቀያየርኩት ተስተካከለ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ደቃቅ ጽሑፍና ቀጫጭን መስመር ያለበት ቦታ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ከለር ይንቀጠቀጣል፣ እሱስ ከሬጂስተር ነው?

ሞገድ፦
አይ፣ እሱ የኮምፖዚት ባህሪ ነው። ደቃቅ መስመር ማለት 4.43 ሜጋ አካባቢ የሚወዛወዝ ብርሃን ነው፣ ቲቪው ደግሞ እዛ ያገኘውን ከለር ነው ብሎ ይተረጉመዋል። የብርሃኑን ፊልተር ሴቲንጉ ላይ ጠበብ ብታደርገው ይቀንሳል፣ ጽሑፉ ግን ደብዘዝ ይላል። ቲቪው ኤስቪዲዮ ካለው እሱን ተጠቀም፣ ያ ቺፕ 6 ዳክ ስላለው ብርሃኑንና ከለሩን በሁለት ሽቦ ለየብቻ ያወጣልሃል፣ ኮምፖዚቱንም ሳትነቅል።

ኳርትዝ፦
በነገራችን ላይ ክሎኩን አሁንም ለካው። ከፒኤልኤል ከሆነና ሲሞቅ የሚንሸራተት ከሆነ ከለሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብልጭ ድርግም ማለት ሊጀምር ይችላል።

ጀማሪው፦
ከፒኤልኤል ነው፣ 27.0002 ያሳየኛል። ፍሪኩዌንሲ ካውንተሩን ሰክቼበት ትቼዋለሁ፣ ሲሞቅ ስንት እንደሚያሳይ እጽፍላችኋለሁ።

ኳርትዝ፦
እሱ በሚሊዮን 7 ገደማ ነው፣ 33 ኸርዝ ብቻ። ከዚህ ካልሸሸ ቲቪው ይችለዋል።