ማቀዝቀዣዬ ሌሊት ይጠፋል፤ ስንት ባትሪ ልጨምር?

ጠያቂ፦ ባለ መድኃኒት ቤቱ
ጤና ይስጥልኝ፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ደጀን ወረዳ ውስጥ የመብራት መስመር ባልደረሰባት ቀበሌ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለኝ። ለሦስት ቀናት ያህል ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ሲሆን ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለማቀዝቀዣው በሚስማማ መልኩ የሚቀይረው መሣሪያ) እየጮኸ ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ የስኳር ሕሙማን የሚጠብቁት ኢንሱሊን አለ። ያሉኝ ሁለት ባለ 330 ዋት የፀሐይ ፓነሎችና ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎች ናቸው። ባትሪዎቹ ስለደከሙ ሁለት ልጨምር አስቤአለሁ። መኪና የሚገኘው ነገ ብቻ ስለሆነ የምገዛውን ዓይነት ዛሬውኑ ንገሩኝ።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ከባትሪው በፊት መድኃኒቱን ያድኑ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ በበረዶ ሣጥን ይውሰዱት። በረዶው ጠርሙሶቹን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ይለዩት፤ በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ለሕመምተኛ አይሰጥም።

ጡረተኛው መምህር
ባትሪ በግምት አይገዛም፤ በመጀመሪያ የቀኑን ፍጆታ በዋት ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። ባለ 90 ዋት ትንሽ ማቀዝቀዣ ሞተሩ የ24 ሰዓቱን እኩሌታ ቢሠራ 1,080 ይወስዳል። ስድስት ባለ 7 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 210፣ ስልክና ሌላው ጥቃቅን ነገር 150 ይሁን። ብዙ ሰው የሚረሳው ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ነው፤ ያለማቋረጥ 15 ዋት ቢወስድ በቀን 360 ይሆናል። ድምሩ 1,800 ነው። ፀሐይ የማይወጣበትን ጊዜ ለመሸፈን የሁለት ቀን ስንቅ ከያዝን 3,600 ይሆናል፤ እንደ እርስዎ ጄል ያለ የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር እጥፉ 7,200 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ለ12 ቮልት ሲካፈል 600 አምፔር ሰዓት ስለሚመጣ አንድ ተመሳሳይ ባትሪ መጨመር ይበቃል ማለት ነው።

ከወልድያ
ፓነሉን በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠቡት። የእኔም እንደዚሁ ሆኖ አቧራው ብቻ ነበር።

ቴክኒሻኑ
የመምህሩ ስሌት ትክክል ቢሆንም የጠያቂውን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ባትሪ መግዛት የለባቸውም ባይ ነኝ። አሁን ያሉት ሁለት ባትሪዎች ግማሻቸው ብቻ ቢወሰድ 2,400 ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ ይህም ከአንድ ቀን ፍጆታ ይበልጣል። ሌሊት 7 ሰዓት የሚጠፉት ቀን ስላልሞሉ ነው። የምንጩ ውኃ ሳይጨምር እንስራ ማብዛት ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ አዲስ ባትሪ ካረጀ ጋር በትይዩ ሲታሰር አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። የቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ዓይነት ምንድን ነው? ማቀዝቀዣውስ መቼ ገባ?

ባለ መድኃኒት ቤቱ
ኮንትሮለሩ ላይ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. (የፓነሉን ሙሉ ኃይል አውጥቶ የሚጠቀመው ዓይነት) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ስለዚህ በእርሱ አልጠረጥርም። ማቀዝቀዣው የገባው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ በፊት መብራትና ቴሌቪዥን ብቻ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፤ ለዚህም ነው ባትሪው ደክሟል ያልኩት።

ከወልድያ
ፓነሉን አጠቡት? መጀመሪያ እሱን ያድርጉ እንጂ።

ቴክኒሻኑ
ይህንን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ብዙ ባልተከራከርን ነበር። ውስጡ ፒ.ደብሊው.ኤም. የሚባለው ቀላል ዓይነት የሆነ ርካሽ ኮንትሮለር ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. ተብሎ ይሸጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን ቴስተሩን ይመኑ። ባትሪው ባልሞላበትና ፀሐይ በደንብ በወጣበት ሰዓት፣ የፓነሉ ሽቦ ኮንትሮለሩ ላይ በተያያዘበት ቦታ ቮልቱን ይለኩ። ከ30 በላይ ካነበበ እውነተኛ ነው፤ 13 አካባቢ ካነበበ ግን ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት አውርዶ ነው የሚያሠራው። የእርስዎ ዓይነት ፓነል ኃይሉን የሚሰጠው በ37 ቮልትና በ8.7 አምፔር ገደማ ነው። ወደ 13 ሲወርድ አምፔሩ ብዙም ስለማይጨምር ከሁለቱ ፓነሎች 660 ሳይሆን 225 ዋት ያህል ብቻ ይገኛል። በክረምት በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢገኝ 900 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚያወጡት ደግሞ 1,800።

ገበሬው
አንድ ነገር ልጨምር። በፓነሉ ዙሪያ ዛፍ አለ ወይ?

ባለ መድኃኒት ቤቱ
ለካሁት፤ ቀን 6 ሰዓት ላይ 13.2 ቮልት አነበበ። በገንዘቤ አዝኛለሁ። ኢንሱሊኑን ጤና ጣቢያ ተቀብለውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እኅቴ። ባሕር ዛፍ በስተሰሜን ምሥራቅ አለ፤ ፓነሉ ግን ወደ ደቡብ ስለዞረ አይጋርደውም።

ገበሬው
ይጋርደዋል እንጂ! በእኛ አገር በክረምት ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን አዘንብላ ስለምትወጣ የጠዋቱ ጥላ በፓነሉ ላይ ያርፋል። በደጋው ደግሞ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ ስለሚበዛ፣ ያለን ፀሐይ በአብዛኛው የጠዋቱ ነው። እኔ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥላው የፓነሉን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ ጉዳቱ ከጥጉ ይበልጣል።

ቴክኒሻኑ
እንግዲያው በባትሪው ምትክ እውነተኛ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. ይግዙ፤ ለ12 ቮልት ባትሪ ባለ 50 ወይም 60 አምፔር ይሁን። ሁለቱን ፓነሎች በትይዩ ይሰሩ፤ በተከታታይ ከታሰሩ ያለ ጭነት 92 ቮልት ያህል ስለሚደርሱ፣ በብርዳማ ጠዋት የባለ 100 ቮልት ኮንትሮለርን ልክ ሊያልፉ ይችላሉ። ብክነቱን ሩብ ብናደርገው 495 ዋት በ4 ሰዓት 1,980 ይሆናል፤ ጥቂት ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ስለዚህ ዛፉም መቆረጥ አለበት። ገንዘብ ሲገኝ ሦስተኛ ፓነል ይጨምሩ፤ ባትሪው ከዚያ በኋላ ነው። ያሉትን ባትሪዎችም አለያይተው፣ ምንም ሳይነኳቸው አሳድረው እያንዳንዱን ይለኩ፤ የሞላ ጄል ባትሪ 12.7 ቮልት ያህል ያነባል፤ አንደኛው ከሌላኛው በጣም ካነሰ ችግሩ እርሱ ጋር ነው።

ጡረተኛው መምህር
ተቀብያለሁ፤ የሚገባውን ሳላሰላ ስለሚቀመጠው ብቻ ነበር ያስተማርኩት። ለገዢው አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ፤ የኮንትሮለሩን ቅንብር በጄል ላይ ያድርጉ፤ የባትሪው መለያ ከሚፈቅደው ቮልት በላይ ከሄደ ጄሉ ይደርቃል።

ቴክኒሻኑ
አሮጌውን ሲነቅሉ መጀመሪያ የፓነሉን ሽቦ፣ ከዚያ የባትሪውን ያላቁ። አዲሱን ሲተክሉ ደግሞ ባትሪውን አስቀድመው ፓነሉን ያስከትሉ፤ ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ ሳይኖር ምንም ነገር እንዳያገናኙ።

ነርሷ
ማቀዝቀዣው ሁለት ሌሊት ሳይጠፋ ካደረ፣ ቴርሞሜትርም ከ2 እስከ 8 ካሳየ በኋላ ብቻ ኢንሱሊኑን ይመልሱ። ጠፍቶ ባደረባቸው ሌሊቶች ውስጥ የነበረውን ግን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ ሳያሳዩ ለማንም አይስጡ። ምን እንደተባሉ ይጻፉልን።