ሐይቅ ላይ ለልጆች ዋና ላስተምር ነው፤ ከየት ልጀምር?

የስፖርት መምህር (ሐይቅ ከተማ) ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ወጣቶች በዚህ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 24 ልጆችን ሐይቁ ላይ ዋና እንዳስተምር፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ተራራ እንዳወጣ ለምነውኛል። ዋና የለመድኩት በልጅነቴ ከጓደኞቼ ጋር ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ባለፈው እሑድ በእህቴ ልጅ ልሞክረው ብዬ ውሃ ውስጥ ሳስገባው አንገቴን አንቆ አልለቅም አለ። "ዝም ብለህ እጅህን አንቀሳቅስ" ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ። ላይፍ ጃኬት የለንም፣ ያለኝ ረዳት አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነው። ከልጆቹ ዘጠኙ ሴቶች ስለሆኑ ወላጆች ስለ ልብሱም ይጠይቁኛል። የመጀመሪያው ቀን ምን ይሁን?

የቀድሞ የዋና አሰልጣኝ (ኮምቦልቻ)፦
መምህር፣ አብሽር። ግን 24 ልጅ ለሁለት ሰው አይሆንም። ጀማሪ ከሆኑ ውሃ ውስጥ ካንተ ጋር ከስድስት በላይ አይግቡ። በአራት ቡድን ከፍላቸውና በተለያየ ቀን ይምጡ። ጓደኛህ አይዋኝም፤ ዳር ላይ ቆሞ፣ ፊሽካና ገመድ ይዞ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ልጅ ይቆጥራል። ስድስት ገባ፣ ስድስት ወጣ። ሥራው ይኼ ብቻ ነው።

ቦታውን ቀድመህ ብቻህን እርገጠው። ሐይቃችን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ዳር ላይ ሜዳ የመሰለ መሬት ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ሊከዳ ይችላል። ረጅም እንጨት ይዘህ እየለካህ ሂድ። ያጠረው ልጅ እምብርት ድረስ በሚደርስበት ቦታ ላይ ገመድ ወጥር፣ ገመዱ ላይ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ እሰርበት። ከዚያ ማዶ ማንም አይሄድም።

የመጀመሪያው ቀን ዋና የለም። ውሃ ውስጥ ቁጭ ይበሉ፣ ፊታቸው ላይ ውሃ ያፍስሱ፣ አፋቸውን ከተው ቡልቅ ቡልቅ ያድርጉ። አንገትህን ያነቀህ ልጅ እግሩ መሬት ስላልነካ ነው ያነቀህ። የሚያቆመው ቦታ ላይ አቁመው፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከዓይኑ እኩል አድርግ፣ ክንድህን እሱ ራሱ ይያዝ እንጂ አንተ አትያዘው።

ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ ነው። መዳፍህን ከማጅራቱ በታች አድርግና "ጆሮህ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሰማዩን እይ፣ ሆድህን ወደ ላይ ግፋ" በለው። ጭንቅላቱን ቀና ካደረገ እግሩ ይሰምጣል፤ ሁሉም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አካሉ ሲላላ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል፤ ያኔ አንድ አንድ ጣት እያነሳህ ልቀቀው። ከዚያ ወደ ዳር መንሸራተት፣ ሁልጊዜ ወደ ዳር፣ ወደ ጥልቁ በጭራሽ። እግር መምታት ከዳሌ ነው እንጂ ከጉልበት አይደለም፣ ብስክሌት እንደሚነዳ አያድርጉ። እጅ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንተ ከእጅ ጀመርክ፣ ለዚህ ነው ነገሩ የጠፋብህ።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ (አርድቦ)፦
ላይፍ ጃኬት ከሌለ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን አጥብቀህ ደረታቸው ላይ እሰርላቸው። እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው።

የቀድሞ የዋና አሰልጣኝ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ጀሪካኑ ጥሩ ነው፤ ማሰሩ ነው ክፉ። ወደ ጀርባው ከተንሸራተተ ልጁን በፊቱ ይደፋዋል፣ በድንጋጤ ደግሞ ቋጠሮ አይፈታም። ልጁ በሁለት እጁ ይቀፈው እንጂ አይታሰርበት። ሌላ አንድ ጀሪካን ግን ገመድ ጫፍ ላይ ታስሮ የመምህሩ ጓደኛ እግር ስር ይቀመጥ፤ ለመወርወር ነው። ትንሽ ውሃ ቢቀርበት በነፋስ አይወሰድም፣ ራቅ ብሎም ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰምጦ የሚሞት ልጅ አይጮህም። አንድ ክረምት ላይ ወንዝ ዳር አይቻለሁ፦ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ነው፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ወርዷል፣ እጆቹ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። አጠገቡ ያሉት እየሳቁ ይረጫጩ ነበር። ይጫወታል ብለው ነው። ዝም ያለው ልጅ ላይ ዓይናችሁ ይኑር።

ነርስ (ደሴ)፦
ጋሼ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ በጤናው በኩል ልጨምር። ልጁ ሲሰምጥ ዘሎ መግባት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ የያዘውን ይዞ ይሰምጣልና። መጀመሪያ ዱላ ወይም የተጠማዘዘ ጋቢ ዘርጉለት፣ ካልደረሰ ጀሪካኑን ወርውሩ።

ከወጣ በኋላ በየሰፈሩ የሚደረገውን፣ ቁልቁል መዘቅዘቅና ሆድ መጫንን እባካችሁ ተዉት። ውሃ አያወጣም፤ ያስታውከዋል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይገባል፣ ደቂቃዎችም ያልፋሉ። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ከፍ አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ አምስት ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ይህን በማንበብ ብቻ አትጀምር፤ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፣ አንተም ጓደኛህም ወስዳችሁ ጀምሩ።

ቢልሃርዚያም አለ፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል ነው። ቀንድ አውጣና ሣር የበዛበትን ዳር ሽሹ። የጥገኛው እጭ ፀሐይ ከፍ ሲል ነው ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ከመጨረሻው ዋና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ፣ ሁሉም የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ያድናል። ጠዋት ስለሚበርድ ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ወዲያው ይውጣ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል።

እናት (ተሁለደሬ)፦
ልጄን ብልክ የምፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ውሃውንና ሐሜቱን። ሴቶቹን ለብቻቸው ቀን ስጣቸው፣ አንዲት እናት ወይም ታላቅ እህት ዳር ላይ ትቀመጥ፤ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ሰፊ ቀሚስና ረጅም ሻሽ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ይጠላልፋል። ጠበቅ ያለ ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ቲሸርትና ጭንቅላት ላይ የሚጠብቅ ሂጃብ ይሸፍናልም፣ ያስዋኛልም። ቦታውን ስትመርጥ ደግሞ ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ራቅ በል፣ እሱ የጸሎት ቦታ ነው።

የተራራ አስጎብኚ (ላሊበላ)፦
ስለ ተራራው አጭር ላድርገው። ቀስ የሚለውን ልጅ ከፊት አስቀድም፣ ጓደኛህ ከኋላ ይሁን። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ በረዶና መብረቅ አለ፤ 5 ሰዓት ሲሆን ጫፍ ባትደርስም ተመለስ። ብልጭታውን አይተህ 30 ሳትቆጥር ከጮኸ ከገደል ጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ስር ልጆቹን አውርድ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቅ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ጎልማሶችን ስመራም የምጠቀመው ይህንኑ ነው።

የስፖርት መምህር (ጠያቂው)፦
ጋሼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ቅዳሜ ዳሩን በእንጨት እለካለሁ። ልጆቹን ከስድስት በማይበልጥ ቡድን ከፍዬ ጽፌአለሁ፣ ለሴቶቹ ማክሰኞና ሐሙስ ሆኗል፤ ከዘጠኙ አምስቱ ማክሰኞ፣ አራቱ ሐሙስ። እትዬ፣ ማክሰኞ ይመችዎታል? ልጆቹ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ወላጆችን ሐምሌ 18 ቀን ልሰበስብ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2013 ዓ.ም የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ያለው ያንን ዕለት ነው። ጀሪካን መወርወሩን እዚያው እነሱ ራሳቸው እንዲሞክሩት አደርጋለሁ።

እናት (ተሁለደሬ)፦
ማክሰኞ እመጣለሁ። ጀሪካኑንም ይዤ።