ጥር 12 በፈረንጅ ስንት ነው?

የሽምብጥ ልጅ፣ ለጊዜው ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ከጀርመን በሦስት ሳምንት ፈቃድ መጥቼ እናቴ ቤት ነኝ። ዘጠኙ ቀን ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ አልቋል። የምጠይቃችሁ ስለ አንድ ቀን ነው፤ ስለ ቀጠሮ ቀን ሳይሆን ስለተወለድኩበት ቀን።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ከጀርመናዊ ጋር ተጋባን። ሠላሳው ቀን ሳያልፍ አስመዘገብን፤ የቋንቋ ፈተናውን አልፌ፣ ቪዛ አግኝቼ ሄድኩ። ያኔ ሁሉም ያየው ፓስፖርቴን ነበር፤ የጋብቻ ወረቀቱም የተሞላው ከፓስፖርቱ ነው። ሁለቱም ጃንዋሪ 20፣ 1992 ይላሉ። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጁ ሲወለድ ለማስመዝገብ የእናትየውም የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል ስለተባልኩ አስተርጉሜ እዚያው ጀርመን መዝገብ ቢሮ ይዤ ቀረብኩ። የመዝገብ ሹሟ መነጽሯን አውርዳ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገቻቸው፤ በእርሳሷ ጀርባ አንዱን ቁጥር ነካች፤ ቀጥላም ሌላውን። የልደት ወረቀቴ በአማርኛው ጥር 12 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ጃንዋሪ 21፣ 1992 ይላል። “ሁለት ሰው ናችሁ” አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ ማኅተሙን ግን ወደ መሳቢያዋ መለሰችው። ይህ ካልተስተካከለ በልጄ የልደት መዝገብ ላይ ከስሜ አጠገብ ማንነቷ አልተረጋገጠም የሚል ማስታወሻ ይገባል።

ፓስፖርቴ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ስለቀሩት እዚሁ ላሳድሰው አስቤአለሁ። ታዲያ የቱን ልንካ? ፓስፖርቱን ወደ 21 ላስለውጥ ወይስ የልደት ወረቀቱን ወደ 20? እዚህ ያማከርኳቸው ሰዎች ግማሹ ይህን፣ ግማሹ ያን ይላሉ። በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ።

ነርሷ፣ ፍራንክፈርት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን። ፓስፖርቱን እንዳትነኪው። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ የጤና መድንሽ፣ የግብር ቁጥርሽ፣ የባንክ ሒሳብሽ፣ የጋብቻ ወረቀትሽ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች 20 ላይ ነው። አዲሱ ፓስፖርትሽ 21 ይዞ ከወጣ ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከመኖሪያ ካርድሽ ጋር አይገናኝም። እኔ የደረሰብኝ በስሜ ፊደል ነው፤ ከአንዱ ወረቀት ላይ የቀረች አንዲት ፊደል አሥራ አራት ወር በልታብኛለች።

የልደት ወረቀቱን ከሰጠሽ ቢሮ ደብዳቤ ጠይቂ። ሁለቱ ቀኖች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ ልዩነቱም የመጣው ከዘመን አቆጣጠር መሆኑን ይግለጽ። ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይረፍበት። በፈረንጆቹ 1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት፣ አፖስቲል የሚሉት፣ አገራችንን ስለማይጨምር የሌላው አገር ሰው በአንድ ማኅተም የሚገላገለውን እኛ በሰንሰለት ነው የምንሄደው። ትርጉሙን ግን እዚያ አታሠሪ። ጀርመን ውስጥ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይሥራልሽ፤ ከዚያ ተሠርቶ የመጣውን እኔ ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል።

አንቀጽ ቆጣሪ፣ ሜሪላንድ

የቀኑን ነገር ለጊዜው እናቆየው። ከዚያ በፊት መታወቅ ያለበት መሠረታዊ ጉዳይ አለ። ብዙ እህቶቻችን የውጭ ዜጋ ስላገቡ ብቻ ኢትዮጵያዊነታቸው የቀረ እየመሰላቸው ቢሮ ሲገቡ ይሸማቀቃሉ። አይቀርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ዜግነትን እንደማያስቀር ደንግጓል። የሚያስቀረው ወዶ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20ን ተመልከቱ። ባልሽ ኢትዮጵያዊ መሆን ከፈለገ ደግሞ አንቀጽ 6 አለለት፦ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሊሞላው፣ እሱም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ጀርመን ከጁን 27፣ 2024 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ፈቅዳለች። ለዜጋ የትዳር ጓደኛ ደግሞ ሦስት ዓመት ኑሮና ሁለት ዓመት ጋብቻ ይበቃል። እነሱ በሩን ከፍተዋል፤ የሚዘጋው በእኛ በኩል ነው። ልጅሽ የሁለቱም ዜጋ ሆኖ ይወለዳል፤ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ እንደተወው ይቆጠራል። ይህን ከወዲሁ አስቡበት።

ስቶክሆልም ያለሁት

ወንድሜ፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ አንዲት ቀን ነው። አንተ ገና ያልተወለደውን ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አደረስከው።

ለነገሩ ካነሣኸው አይቀር፣ እህቴ፣ ሦስት ዓመቱ ሲሞላሽ የጀርመኑን ውሰጂና ተገላገይ። እኔ የስዊድኑን ወስጄ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ አወጣሁ። ባሕር ዳር ስገባ ቪዛ የሚጠይቀኝ የለም፤ እንደማንም እገባለሁ፣ እንደማንም እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ የጥር 12 ጭቅጭቅ የሚባል ነገር አይነካሽም።

አንቀጽ ቆጣሪ፣ ሜሪላንድ

እንደማንም አይደለም። ቢጫ ካርዱ የወጣበት አዋጅ ቁጥር 270/1994 ራሱ የሚለውን አንብብ፦ መምረጥም መመረጥም አትችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት አትቀጠርም። በገዛ አገርህ ላይ የተከበርክ እንግዳ ነህ። እንግድነቱ ከተስማማህ ጥሩ ነው፤ ለሌላው ግን እንደ መድኃኒት አትዘዝ።

ደንገል፣ ካልጋሪ

በአንቀጹ መካከል ስለገባሁ ይቅርታ። የሽምብጥ ልጅ፣ እባክሽ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ወደ ሐይቁ ትወርጃለሽ? እኔ ከሄድኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ውኃ ሞልቷል፤ ሽታ ግን የለውም። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ያሳየኝ ነበር። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ታንኳው እየሰመጠ የሚመጣ ይመስለኝና ለቀዛፊው አለቅስለት ነበር። የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ ብዬ አልጀምርም፣ ሌሊት ነው እዚህ።

ፈረንጅ ማግባትሽንስ ዘመድ እንዴት ያዘው? የእኔ ባል ካናዳዊ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ የቤት ዕዳ አለብን፣ መኪናችን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኛ ሰፈር ግን የፈረንጅ ባል ማለት የባንክ ቅርንጫፍ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ የባጃጅ ዋጋ ጠየቀኝ። የለኝም ስለው “አንቺን አይደለም፣ እሱን ጠይቂልኝ” አለ። ላኩለት እንጂ ምን አደርጋለሁ፤ ሦስት ወር ቅዳሜና እሑድ ሠርቼ። ባጃጁ አሁን ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል አሉ።

የዘጌው ሰው፣ ባሕር ዳር

ልጆች፣ እኔ እዚህ የምገኘው ልጆቼ ውጭ ስለሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሁላችሁም ስለ ወረቀቱ ስትናገሩ ቀኑን የቆጠረ ሰው አላየሁም።

1984 ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 1983 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ስለዚህ የ1984 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ይህች አንድ ቀን ፈረንጆቹ የራሳቸውን ፌብሩዋሪ 29 እስኪጨምሩ ድረስ ትከተላለች፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ ይገጥማል። በሌላው ዓመት ጥር ላይ ስምንት ደምራችሁ ፈረንጅኛውን ታገኛላችሁ፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ዘጠኝ ነው የሚደመረው። በ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 20 እንደዋለ ታስታውሳላችሁ፤ እሱም ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ስለዚህ ጥር 12 ቀን 1984 ጃንዋሪ 21 ነው፤ የልደት ወረቀቱ አልተሳሳተም። ፓስፖርቱ ያለው ጃንዋሪ 20 ጥር 11 ነው፤ በጥምቀት ተወለድሽ ማለቱ ነው። ጥር 12 ግን ማክሰኞ ነው የዋለው። እናትሽን ጠይቂና እመኚኝ፣ ልጄ።

የሽምብጥ ልጅ፣ ለጊዜው ባሕር ዳር

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። የተወለድኩት ምን ቀን ነው ስላት ሰፌዱን ሳታስቀምጥ “ማክሰኞ” አለች። ቀጥላም “በጥምቀት ዕለትማ ሆዴን ይዤ ታቦት ሸኝቻለሁ፤ ድፎውንም የቆረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ የመጣሽው በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል ሲገባ ነው” አለችኝ። እጄን ያዘችኝና አለቀስኩ፤ እርግዝናው ነው መሰለኝ።

አሁን ስሕተቱ ከየት እንደመጣም ገባኝ። የመጀመሪያውን ፓስፖርት ሳወጣ ቅጹን የሞላልኝ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው። በጣቱ ስምንት ቆጥሮ ደመረና 20 ብሎ ጻፈ። ብሩን ከፈልኩት፣ አመሰገንኩት፣ ፈረምኩ።

ነርሷ ያለችኝን ደብዳቤ ዛሬ ጠየቅሁ። ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ነበር። “የእኛ ቀን ትክክል መሆኑን እጽፍልሻለሁ፤ ፓስፖርት ላይ ስላለው ቀን ግን እኛ ያልሰጠነው ሰነድ ስለሆነ ምንም ልል አልችልም” አለኝ። የፓስፖርቱ በኩል ደግሞ ለውጥ ከፈለግሽ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ይላል። ስለዚህ ትክክል የሆነ ወረቀትና ጥቅም ያለው ወረቀት ይዤ በመሐል ቆሜአለሁ። የልደት ወረቀቱን ወደ 20 እናስለውጥ ብል እናቴ ምስክር አልሆንም ብላለች። “ሚካኤልን በውሸት አልጠራም” ነው ያለችው።

ነርሷ፣ ፍራንክፈርት

እናትሽ ያሉት ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን ልጁን አያስመዘግበውም። እንደዚያም ሆኖ ትክክለኛውን ወረቀት አታበላሺው። የሚሰጥሽን ደብዳቤ ውሰጂ፤ የአባባን ስሌት ለብቻው አጽፈሽ፣ የሁለቱን አቆጣጠር ሰንጠረዥ አያይዘሽ ለመዝገብ ሹሟ አቅርቢ። ጀርመኖች በማኅተም ያምናሉ፤ በሰንጠረዥ ደግሞ ከማኅተምም በላይ ያምናሉ። ዋስትና ግን አልሰጥሽም። እኔ ብሆን ከመመለሴ በፊት የፍርድ ቤቱንም ማመልከቻ አስገብቼ ነበር።

ስቶክሆልም ያለሁት

አንቀጽ ቆጣሪ፣ “የተከበርክ እንግዳ” ያልከኝን ሳልመልስልህ አላድርም። እኔ እናቴን ስቀብር የገባሁት በዚያ ቢጫ ካርድ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ቪዛ ሳልጠይቅ። አንተ መምረጥ አልቻልክም ትለኛለህ። ለመሆኑ አንተ ሜሪላንድ ሆነህ ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር ዳር የመረጥከው መቼ ነው?

አንቀጽ ቆጣሪ፣ ሜሪላንድ

እናትህን ነፍስ ይማር፤ በዚህ አልከራከርህም። ግን መብትን ባለመጠቀምና መብት በማጣት መካከል ልዩነት አለ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በመኖሪያ ፈቃድ የኖርኩት፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው በዚያ ፓስፖርት ረጅም ሰልፍ የቆምኩት በስንፍና አይደለም።

ስቶክሆልም ያለሁት

ሰልፉን ለአገር ፍቅር አትቁጠረው። ሰልፍ ሰልፍ ነው።

የዘጌው ሰው፣ ባሕር ዳር

ሁለታችሁም እዚህ ብትሆኑ አንድ ጀበና ቡና አስቀምጬ አስታርቃችሁ ነበር። ልጄ፣ ስሌቱን በእጄ ጽፌ ነገ ከሰዓት በኋላ እሰጥሻለሁ። የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያስፈልገዋል ወይስ ፊርማዬ ይበቃል?

ነርሷ፣ ፍራንክፈርት

አባባ፣ ማኅተም ካለ ማኅተም።

ደንገል፣ ካልጋሪ

ርእስ ለመቀየር ይቅርታ፤ የሽምብጥ ልጅ ወደ ጀርመን ስትመለሺ ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ይኖርሻል? ከዘጌ ቡና ሁለት ኪሎ ብቻ። በመጪው ወር እህቴ ሙኒክ ስለምታልፍ ትቀበልሻለች፤ ገንዘቡን ዛሬውኑ እልካለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፣ ለጊዜው ባሕር ዳር

አንድ ኪሎ ይገባል። ሌላውን ቦታ ፋይሉ ይዞታል። የተቆላ ይሁን ጥሬ?