ክርክር፦ የሴት ክህነት የትናንት ፈጠራ ነው?

ሰላማዊት፦ «ሴት መሾም ዘመን አመጣሽ ነው» የሚሉ በዝተዋል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። እ.ኤ.አ. በ451 የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ በ15ኛው ቀኖናው፣ ሴት 40 ዓመት ሳይሞላት እጅ ተጭኖባት ዲያቆናዊት እንዳትሆን ደንግጓል። ለሌለ ሹመት የዕድሜ ገደብ ይወጣል እንዴ?

ዮናስ፦ እህቴ፣ ዲያቆናዊት ቄስ አይደለችም። ሥራዋ ሴቶች ሲጠመቁ መርዳት፣ የታመሙትን መጠየቅ ነበር። አልቀደሰችም። በ325 የኒቅያ ጉባኤም በ19ኛው ቀኖናው «እጅ አልተጫነባቸውም» ብሎ ዲያቆናውያቱን ከምእመናን ቆጥሯቸዋል።

ሰላማዊት፦ ያ ቀኖና የሚናገረው በመናፍቅነት ከተወገዘው ጳጳስ ከሳምሳጢው ጳውሎስ ወገን ስለተመለሱት ነው። ቄስ አልነበረችም ካልክ እስማማለሁ። ሹመት ግን ነበራት።

መቅደስ፦ ስለ ቅስና ከሆነ የፍሎረንስ ሊ ቲም-ኦይን ነገር ላንሳ። ሆንግ ኮንግ አጠገብ ባለችው ማካው የአንግሊካን፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የወጣው እምነት፣ ዲያቆን ነበረች። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ሆንግ ኮንግን ስትይዝ ወደ ማካው የሚሻገር ቄስ ጠፋ። ጳጳሱ ሮናልድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1944 ቅስና ሰጣት። የመብት ዘመቻ አልነበረም፤ ሕዝቡ ቁርባን አጥቶ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ተቃውሞው በረታ። በ1946 በቅስና የማገልገል ፈቃዷን መለሰች፤ ክህነቷን ግን አልካደችም። ሰው ሲጠፋ «ነይ»፣ ሰላም ሲሆን «በቃሽ»! ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ቄሶች የሾመችው በ1994 ነው።

ዮናስ፦ ጽናቷን አከብራለሁ። የክፉ ቀን መፍትሔ ግን ሥርዓት አይሆንም። በዚያው በ1994 የካቶሊኩ ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሴት ቅስና የመስጠት ሥልጣን የላትም ብለው ጽፈዋል። ክርስቶስ ሐዋርያቱን ሲመርጥ እናቱን እንኳ አልጨመረም። እሷን ንቆ ነው የሚል አለ?

ሰላማዊት፦ 12ቱም አይሁድ ነበሩ። ታዲያ ለምን ቄስ ሁሉ አይሁዳዊ ይሁን አንልም? ትንሣኤውን ለሐዋርያቱ እንድትነግር የተላከችውም መግደላዊት ማርያም ናት።

ዮናስ፦ መልእክት ማድረስ ሌላ፣ ቁርባን መፈተት ሌላ።

መቅደስ፦ እሺ ዮናስ፣ ቅስናውን እንተወው። በ2024 በእስክንድርያ የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሥር ዚምባብዌ ውስጥ አንዲት ሴት በዲያቆናዊትነት ተሹማለች። ይህንንስ ትቃወማለህ?

ዮናስ፦ አልቃወምም። የጥንቱ ማዕረግ ከነድንበሩ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ሰላማዊት፦ ድንበሩን ማን አሰመረው? በኒቅያም ሆነ በኬልቄዶን ጉባኤ ድምፅ የሰጠች ሴት አልነበረችም። እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ መልስህን እጠብቃለሁ።